በወንፊቱ ማዶ ያሉ ዘመዶች

አባቴ እህቱን የሚጠላት በሙሉ ልቡ ነበር። እሷም አታንሰውም። እራት ላይ ሆነን የአክስቴ የአርዲስ መኪና ድልድዩን ስትሻገር ከሰማ ማኘኩን ያቆማል። ድንቹን አፉ ውስጥ እንደያዘ የሞተሩ ድምፅ እስኪርቅ ይጠብቃል፤ ከዚያ «ሄደች፣ ይቺ እባብ» ይልና መብላቱን ይቀጥላል። እናቴ ቬርላ ቀና ሳትል «ልጅ አለ» ትለዋለች። ልጅ የተባልኩት እኔ ኔልዳ ነኝ፤ በቤተ ክርስቲያናችን ልማድ ስምንት ዓመት ሞልቶኝ የተጠመቅኩት በዚያው ዓመት ነበር።

የሚጣሉት በውሃ ነው። እኛ አገር፣ በስኔክ ወንዝ ሸለቆ፣ ከጥቁሩ ገደል ሥር የሚፈልቅ ምንጭ ያለው ሰው ትራውት የሚባለውን ዓሣ ያረባል፤ የሌለው ባቄላና ድንች ይዘራል፣ ባለምንጩንም ያማል። አያቴ ሲሞት ምንጩን ለሁለቱ ልጆቹ ሳያካፍል ትቶላቸው ሄደ። ምንጩ አፍ ላይ ያለው ማስፈልፈያ ቤት ንጹሑን ውሃ ያገኛል፤ ከታች ያለው ኩሬ የላይኛው ዓሣ የተነፈሰበትንና ያቆሸሸውን ይቀበላል። በዚያ ውሃ ዓሣ ይቀለብበት ይሆናል እንጂ እንቁላል አይፈለፈልበትም። ማስፈልፈያ ቤቱ ደግሞ ለአንድ ሰው ብቻ ነው የሚበቃው። ታች የወረደ ሰው ዕድሜ ልኩን የዓሣ ጫጩት ከላይኛው እየለመነ ይኖራል ማለት ነው። አባቴ እህቱን ከሚለምን ጥርሱን ቢያወልቁት ይመርጥ ነበር። እሷም እንደዚያው።

ከቀብሩ በኋላ አባቴ ቀድሞ ተነሣ። አያቴ ያረባቸውን፣ በዕድሜ የበሰሉትን ትልልቅ እናት ዓሦች ወደ ራሱ ኩሬ አሻገረ። ለአክስቴ የቀሩላት ገና የመጀመሪያ እንቁላላቸውን የሚጥሉ ወጣቶች ነበሩ።

እንቁላል የሚወጣበትን ቀን አልረሳውም። የገደሉ ጥላ ማስፈልፈያ ቤቱ ላይ ተኝቷል፤ ውጪ በረዶ አለ፣ የምንጩ ውሃ ግን ሁልጊዜም ለብ ያለ ስለሆነ እንፋሎት ይወጣዋል። ቤቱ እርጥብ እንጨትና ኪያር ይሸታል፤ ትኩስ ትራውት የኪያር ሽታ አለው። አባቴ አንዷን እናት ዓሣ በእርጥብ ጨርቅ ጠቅልሎ በብብቱ ያዛትና ሆዷን በአውራ ጣቱ ወደ ታች ገፋ አደረገው። ብርቱካንማ እንቁላሎች ሳህኑ ላይ እየተንጠባጠቡ ወረዱ። ትልልቅ፣ የሚያበሩ ነበሩ። ቀጥሎ አክስቴ የራሷን ዓሣ ያዘች። የእሷ ዓሣ እንቁላል ወጣ፤ ግን ደቃቃ ነበር።

አባቴ ሳህኗ ውስጥ አጎንብሶ አየ። «አርዲስ፣ ይኼ ምንድነው? እንቁላል ነው ወይስ የቆዳ ሽፍታ?»

«ያንተዎቹ አርጅተው ነው የተነፉት» አለችው ቀና ሳትል። «ሆድህን በመስታወት አይተኸው አታውቅም እንዴ?»

ሽማግሌ ሆኖ የመጣው የቤተ ክርስቲያናችን መሪ ዴልመር ሳቁን ዋጠ። ዴልመር ባቄላ ዘሪ ነው፤ የእኛ መሪዎች በሳምንቱ ሌላ ቀን የሚያርሱ፣ እሑድ የሚያስታርቁ ሰዎች ናቸው። ሁለቱን ለወራት ሲያስታርቅ ከርሞ አንዴም አልተሳካለትም።

«በእንጨቱ ይለካ» አለ አባቴ።

እንጨቱ የአያቴ ነው፤ መሐሉ ላይ ፈር የተቦረቦረለት አጭር ጣውላ። እንቁላሎቹን በፈሩ ውስጥ ጎን ለጎን ትደረድራቸዋለህ። ፈሩ በጥቂት እንቁላል ከሞላ እናትየዋ የተመሰገነች ናት። ብዙ ከፈጀ ግን ደቃቃ ጣይ ናትና ሳህኑ ለዳክዬዎቹ ይደፋል፣ እሷም ወደ መጥበሻ ትሄዳለች። አያቴ ሙሉ ዕድሜውን በዚህ ሕግ ኖረ። ትንሽ እንቁላል የደካማ ደም ምልክት ነው ብሎ ያምን ነበር፤ እኛም አመንን። እኔማ ከማመንም አልፌ ነበር። በትምህርት ቤት ወንበር ላይ ልጆቹን በዓይኔ በዚያ እንጨት እለካቸው ነበር። አክስቴ አጭርና ቀጭን ናት፤ እሷን ደጋግሜ ለክቻት ለዳክዬ ደፍቻታለሁ።

የአክስቴ እንቁላል ሲደረደር ፈሩ አልሞላ አለ። ሌላ ጨመሩ፣ ሌላ ጨመሩ። አባቴ ሳህኗን አንሥቶ ወደ በሩ ዞረ። ዳክዬዎቹ ውጪ ይንጫጫሉ።

«ሳህኔን አስቀምጥ፣ ቴይን» አለች።

«የአባታችን ሕግ ነው።»

«አባታችን ብዙ ነገር ተሳስቷል፤ አንተን መውለዱን ጨምሮ። አስቀምጥ አልኩህ!» ከዚያ ወደ ዴልመር ዞረች። «ስማኝ። እንቁላሉ ያነሰው እናትየዋ ልጅ ስለሆነች ነው፤ ከደሟ አይደለም። እኔ የምለምነው አንድ ነገር ብቻ ነው፤ ለብቻቸው ይደጉ። ከሱ ጫጩቶች ጋር አይቀላቀሉ። በበጋ፣ በመጠን ስንለያቸው፣ የእኔዎቹ አብዛኞቹ በሕይወት ቆይተው የሱዎቹ ላይ ካልደረሱ ምንጩን ለሱ ትቼ እሄዳለሁ።»

«ከደረሱብኝስ?» አለ አባቴ እየሣቀ።

«አንተ ትወርዳለህ።»

«እሺ! ዴልመር፣ ሰምተሃል!»

እንዲህ ተስማሙ። ዴልመር ረጅሙን ገንዳ ወስዶ መሐሉ ላይ የሽቦ ወንፊት ገጠመበት፤ ጠርዙንም በቀጭን ሽቦ አሠረና ማንም እንዳይነካው ብሎ አስጠነቀቀ። ውሃው አንድ፣ መኖው አንድ፣ ቤቱ አንድ ነው። የላይኛውን ግማሽ፣ ውሃው የሚገባበትን፣ አባቴ ራሱ ለአክስቴ ለቀቀላት። እናቴ ይህን ስትሰማ እጇን አፏ ላይ አደረገች። እኔ ደግሞ ኮራሁ። አባቴ ለጠላቱ የተሻለውን ቦታ የሚሰጥ ሰው ነው ብዬ ለትምህርት ቤት ጓደኞቼ አወራሁ። ትራውት ሁልጊዜ ፊቱን ወደሚመጣበት ውሃ አዙሮ እንደሚዋኝ፣ በሩን ከከፈትክለት ወደ ላይ እንደሚወጣ አባቴ ያውቅ ነበር። እኔም አውቅ ነበር፤ ሁለቱን ነገር ግን አላገናኘኋቸውም።

«ለብቻቸው» የሚለው ቃል ነው ያበሸቀኝ። የእኛዎቹና የእሷዎቹ ዘመዳሞች ናቸው፤ አያታቸው አንድ ነው። አክስቴ ልጆቿን ከአጎታቸው ልጆች ጋር የማታጫውት ኩሩ እናት መሰለችኝ። ዛሬ ይህን ሥራ ስሠራ ፀጉሬ ሸብቷል፤ አክስቴ ያለችው ሁሉ ልክ እንደነበረም በገዛ እጄ አይቻለሁ። ከትንሽ እንቁላል የወጣ ጫጩት የሚለየው ስንቁ ትንሽ በመሆኑ ብቻ ነው። ሆዱ ላይ ይዞት የሚወጣው አስኳል ቶሎ ያልቅበታል፤ ስለዚህ መኖ በጊዜ መድረስ አለበት። ለብቻው ካበላኸው ይበላል፣ ያድጋል፣ ይደርሳል። ከትልቅ ጋር ካደረግኸው ግን መኖውን ይቀሙታል፤ ከዚያ ጅራቱን፣ ከዚያ ዓይኑን፣ በመጨረሻም ራሱን።

የገና በዓል ሳይደርስ ጫጩቶቹ ተፈለፈሉ፤ ከበዓሉ በኋላ ከገንዳው ወለል ተነሥተው መዋኘት ጀመሩ። አክስቴ በየሰዓቱ እየመጣች እንደ ዱቄት የላመ መኖ በጣቶቿ ትነሰንስላቸዋለች። ስታበላቸው ፊቷ ላይ ሌላ ጊዜ የማላየው ነገር ይታይ ነበር፤ እኔን ስታይ ግን ይጠፋል።

መጀመሪያ ላይ ሁሉም ደህና ይመስል ነበር። ከዚያ የአክስቴ ጫጩቶች መጉደል ጀመሩ። የሚገርመው ሬሳ የለም። የሞተ ጫጩት ወለሉ ላይ ነጭ ሆኖ ይተኛል፤ እዚህ ግን ምንም የለም፣ ገንዳው ብቻ እየሳሳ ይሄዳል። ጥቂቶች ደግሞ በድንገት ከሌሎቹ ሁሉ በልጠው አደጉ። አክስቴ በነዚህ ተጽናናች፤ ዴልመርን ጠርታ በጣቷ እያሳየች «እነዚህን እይልኝ! ሽፍታ ነው ያለው፣ እይልኝ!» ስትል ሰምቻታለሁ።

የቀሩት ለምን እንደሚጎድሉ ግን ሊገባት አልቻለም። መጀመሪያ ወፎችን ጠረጠረች፤ መስኮቱን በወንፊት ሸፈነችው። ከዚያ የውሃ አይጥ አለች፤ ወጥመድ አስቀመጠች። ከዚያ እኔን ጠረጠረች።

አንድ ቀን ከትምህርት ቤት ስመለስ በሩ ላይ አገኘችኝና ክንዴን ያዘችኝ።

«ኪስሽን አውጪ።»

«ለምን?»

«አውጪ አልኩ! አባትሽ ነው አይደል የላከሽ? በምንድነው የምታወጫቸው፣ በጣሳ ነው?» የካፖርቴን ኪሶች አንድ በአንድ ገለበጠቻቸው። መሐረብ፣ እርሳስ፣ የተላጠ ከረሜላ ወለሉ ላይ ወደቀ። ማልቀስ አልፈለግሁም፤ ግን አለቀስኩ። አክስቴ ከረሜላውን አንሥታ በቀሚሷ ጠረገችውና መልሳ ኪሴ ውስጥ ከተተችው። ይቅርታ አላለችም። «ሂጂ ከፊቴ» ነው ያለችኝ።

አባቴ ሲሰማ ሣቀ። «ሬሳ ፍለጋ ነው? ጫጩቶቿ ራሳቸው በዓይን አይታዩ፣ ሬሳቸው ሊታያት ነው? እሷም ራሷ ስትወለድ በአባታችን እንጨት ብትለካ ኖሮ ይኼን ጊዜ ዳክዬ ሆድ ውስጥ ነበረች።» እኔም አብሬው ሣቅሁ። ጠልቻት ነበር፣ ከልቤ።

እሑድ እሑድ ሁሉም ሰው ቤተ ክርስቲያን ይሄዳል፤ አባቴ ብቻ ይቀራል። «ዓሣ ሰንበት አያውቅም» ይል ነበር። የሚመጣው በወሩ የመጀመሪያ እሑድ፣ ሁላችን ጾመን ምስክርነት በምንሰጥበት ቀን ብቻ ነው፤ ያን ቀን የቀረ ሰው ይወራበታል። ከተራዎቹ እሑዶች በአንዱ ጆሮዬን አሞኝ እቤት ቀረሁ። ብቻዬን ሲሰለቸኝ ካፖርቴን ደርቤ ወደ ማስፈልፈያ ቤቱ ወረድኩ።

አባቴ እጅጌውን ሰብስቦ ገንዳው ላይ አጎንብሷል። የዴልመር ሽቦ ተፈትቷል። ወንፊቱ ከገንዳው ወጥቶ ግድግዳው ላይ ተደግፎ ውሃ ያንጠባጥባል። የእኛ ትልልቆች ወደ ላይ እየወጡ ነው፤ ገንዳው ከጫፍ እስከ ጫፍ አንድ ሆኖ ውሃው ይፈላል። የእኛና የእነሱ ዓሦች ተደባልቀው ወዲያና ወዲህ ይሯሯጣሉ። ሲጫወቱ እንዲህ ደስ ብሏቸው አይቻቸው አላውቅም።

አባቴ አየኝና ደነገጠ። ከዚያ ድንጋጤው ጠፋ።

«ምን እያደረግህ ነው አባዬ?»

ትንሽ አሰበ። «ዘመድ እየጠየቁ ነው» አለኝ። «ሳምንቱን ሙሉ በሽቦ ተለያይተው ያሳዝናሉ። እሑድ እንኳ ይገናኙ እንጂ።»

«አክስቴ ታውቃለች?»

«አክስትሽን ታውቂያት የለ? አትወድም። ስለዚህ ለማንም አትናገሪ። በጎ ሥራ በድብቅ ነው የሚሠራው።» ራሴን ዳበሰኝ፤ እጁ እርጥብና ቀዝቃዛ ነበር። ቤተ ክርስቲያን የሄዱት የሚመለሱበት ሰዓት ሲቃረብ ወደታችኛው ግማሽ መኖ በተነ፤ ትልልቆቹ ለመኖው ተግተልትለው ወረዱ፤ ወንፊቱን መለሰና ሽቦውን አጠበቀ። እላይ የቀረ ቀረ። ያን ቀን አባቴን እንደወደድኩት ከዚያ በፊትም በኋላም ወድጄው አላውቅም። ለካ እንባ የሚያስለቅስ ደግነት በውስጡ አለ፣ ለካ እህቱን ይወዳታል አልኩ። እሷ ኪሴን ስትገለብጥ እሱ ለልጆቿ በር ይከፍታል።

እንዲህ ያለ ነገር አፍኜ መያዝ አልቻልኩም። የሚቀጥለው የጾም እሑድ እስኪደርስ ቀን እቆጥር ነበር።

በዚያ ቀን በቤተ ክርስቲያናችን ስብከት የለም። የፈለገ ሰው ይነሣል፣ ልቡ ያለውን ይመሰክራል፤ የተጠመቀ ልጅም ይችላል። አዳራሹ የተራበ ሰው ትንፋሽና የካፖርት ሽታ አለው። አባቴ ከዳር ተቀምጧል፣ እናቴ ከመሐል፣ እኔ አጠገቧ። አክስቴ ከፊታችን ሁለት ወንበር አልፋ ብቻዋን ነበረች። ቤተ ክርስቲያን ውስጥ ሁሉም ሰው ወንድም እና እህት ነው የሚባባለው፤ አባቴ በሩ ላይ «እንደምን አደርሽ እህት አርዲስ» ሲላት፣ እሷም «ደህና፣ ወንድም ቴይን» ስትል፣ የሌላ ቤተሰብ ሰዎች ይመስሉ ነበር።

ተነሣሁ። እናቴ የቀሚሴን ጫፍ ጨበጠችው። ደግማ ሳበችኝ፣ አጥብቃ። በኋላ ሳስበው እናቴ ሁሉንም ታውቅ ነበር። እኔ ግን እጇን አስለቅቄ ተናገርኩ።

«ስለ አባቴ መመስከር እፈልጋለሁ» አልኩ። «ሰዎች አባቴ አክስቴን ይጠላል ይላሉ። ውሸት ነው። ሁላችሁም እዚህ ስትዘምሩ አባቴ በየእሑዱ ብቻውን ሆኖ ወንፊቱን ያወጣል። የእኛ ዓሦች ወደ አክስቴ ዓሦች ሄደው ዘመዶቻቸውን እንዲጠይቁ ነው። እንዴት ደስ እንደሚላቸው ብታዩ! ይሯሯጣሉ። አክስቴ ለብቻቸው አለች፣ አባቴ ግን አብረው እንዲሆኑ ይፈልጋል። አባቴ ጥሩ ሰው ነው። አሜን።»

አሜን ያለ ሰው አልነበረም። የአዳራሹ ግማሽ ትራውት አርቢ ነው፤ ሌላው ግማሽ የአርቢ ጎረቤት ነው። አንድ ሽማግሌ ባርኔጣው ከጉልበቱ ወደቀ፣ አላነሣውም። አክስቴ ዞራ አየችኝ። የተናደደች መስሎኝ ነበር፤ አልነበረችም። ከዚያ ዓይኗን ከኔ አንሥታ አባቴ ላይ አሳረፈችውና ተነሥታ ወጣች። ዴልመር ከመድረኩ ወርዶ ተከተላት። አባቴም ተነሣ፤ እናቴ እኔን እየጎተተች ከኋላ ሄደች።

ከዚህ በኋላ የሆነውን አስቀድሜ ልናገር። ዴልመር ራሱ ያሠረው ሽቦ መፈታቱን አይቶ ፈረደ፤ አባቴ ምንጩን ለቆ ታች ወረደ። አክስቴ የተረፉትን ጫጩቶቿን ለብቻቸው ሌላ ገንዳ ውስጥ አሳደገቻቸው። በበጋ ዴልመር ከሁለቱም ገንዳ በመረብ ጨልፎ አንድ ባልዲ ውስጥ ጨመራቸው፤ የቱ ከደቃቃ እንቁላል እንደወጣ ግን መለየት አቃተው። አባቴ ታች ሆኖ ጥቂት ዓመት ታገለ፤ ከዚያ ኩሬውን ሸጦ ወደ ከተማ ሄደ፣ ጫጩት ግን አንድም ቀን አልለመናትም። አክስቴ ልጅ አልነበራትም፤ ስትሞት ምንጩን ለእኔ ተወችው። ይኼ ሁሉ ግን በኋላ ነው።

ያን እሑድ ማስፈልፈያ ቤቱ ስንደርስ አክስቴ በቤተ ክርስቲያን ጫማዋ ውሃ ውስጥ ቆማ ነበር። ገንዳዋ ውስጥ የእጅ መረቧን ከትታ ከነዚያ ከምትመካባቸው ትልልቆች አንዱን አወጣች። መዳፏ ላይ አደረገችው። ተጠግቼ አየሁ። ዓሣው አፉን ከፍቶ ይተነፍሳል፤ ከአፉ ደግሞ የትንሽ ጫጩት ጅራት ወጥቶ ይንቀጠቀጣል።

አክስቴ ያደጉልኝ ያለቻቸው የማን እንደነበሩ ያን ጊዜ ነው የገባት። ከንፈሯ ነጭ ሆነ። ዴልመር «ጌታ ሆይ» አለ። አባቴ በሩ ላይ ቆሞ ነበር።

ያዩት ነገር ያልገባቸው መሰለኝ፤ ላስረዳቸው አሰብኩ። ድመት ልጆቿን በአፏ አንጠልጥላ ስትሄድ አይቻለሁ።

«ተሸክሞት ነው» አልኩ። «አክስቴ፣ ትንሽ ስለሆነ ደክሞት ነው። ተሸክሞት ነው።»

አክስቴ ወደ እኔ ጎንበስ አለች። ይህች ሴት ለማንም ራርታ፣ ለማንም ብላ ዋሽታ አታውቅም። ጣቶቿን በዓሣው ላይ ቀስ አድርጋ ጨበጠች፣ ጅራቱ እንዳይታየኝ።

«አዎ የኔ ልጅ» አለችኝ። «ተሸክሞት ነው።»

«አትዋሺያት!» ሲል አባቴ ጮኸ። ፊቱ ቀልቶ ነበር፤ ምንጩም ስሙም ሄዷል፣ የቀረው ንዴት ብቻ ነው። «እየበላው ነው ኔልዳ! ትልቁ ትንሹን ይበላል። በየእሑዱ ሲበሉባት ነው የከረሙት። ሰማሽ? እየበላው ነው!»

ያን ዓመት ሙሉ ከአባቴ አፍ የወጣ እውነት ይኸው አንዱ ብቻ ነበር። እኔ ግን አላመንኩትም። ተናድዶ ነው፣ እሷን ሊያሳዝን ነው ይህን ክፉ ነገር የሚያወራው አልኩ፤ ሰው ፊት በደግነቱ ስለተያዘ አፍሮ የሚዋሽ መሰለኝ። አዘንኩበት። ከእናቴ ጉያ ወጥቼ በጫማዬ ውሃው ውስጥ ገባሁና የአክስቴን ባዶ እጅ ያዝኩ። አባቴም አየኝ።